ከበሩ በስተቀኝ ያለው ወይን

ዋንዛ ደሴት፣ በወይን ለቀማው ቀን ረፋዱ ላይ፤ «አሸዋና ወይን» የተባለው ሎጅ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ባለቤቷ ማንጠግቦሽ ከባንኮኒው ኋላ፣ ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያደረገች ዘርትሁን የምትባል ሴት ከባንኮኒው ፊት ቆመዋል።

ማንጠግቦሽ፡ ቢለምኑኝም ቢቆጡኝም ያው ነው እመቤቴ፤ መታወቂያዎን ሳላይ ቁልፍ አልሰጥም!

ዘርትሁን፡ በጀልባ ያሻገረኝ ሰውዬ ምንም አልጠየቀኝም እኮ።

ማንጠግቦሽ፡ የእሱ ሥራ ማሻገር ነው፤ የማሳድረው እኔ ነኝ። እዚህ ደሴት ላይ ወይን የሌለው ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሳይመዘገብ አያድርም። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው።

ዘርትሁን፡ ወይን የሌለው ሲሉ? ጠርሙስ ይዤ መምጣት ነበረብኝ?

ማንጠግቦሽ፡ ኧረ ተጫዋች ነዎት! የተተከለ ወይን ነው የምልዎት። እዚህ ልጅ ሲወለድ ከቤቱ ጎን ወይን ይተከልለታል፤ እናቱ ከሥሩ አንድ ጌጥ ትቀብርለታለች። ወይኑ እስከቆመ ድረስ ሰውየው የትም ይሂድ የት፣ የደሴቱ ሰው ነው። ሲሞት ሽማግሌዎች ይቆርጡታል። ከተቆረጠ በኋላ አለቀ፤ መሬት የለው፣ ቤት የለው፣ ከሽማግሌ ፊት የሚሰማ ቃል የለው።

ዘርትሁን፡ ሞቷል ተብሎ የተቆረጠበት ሰው ድንገት ብቅ ቢልስ?

ማንጠግቦሽ፡ ሆሆ! ከሞት የተመለሰ አይተው ያውቃሉ? ቢመጣም እንደ እርስዎ ይመዘገባል፣ ቁልፉን ይቀበላል፣ አሸዋው ላይ ሁለት ቀን ተንፈላስሶ ይሄዳል። እንግዳ ነው።

ዘርትሁን፡ ጥሩ። ይቺን ቃል እንዳይረሷት።

ማንጠግቦሽ፡ የቷን?

ዘርትሁን፡ ግድ የለም። ያ በነጭ ድንጋይ የተከበበው ጉቶ ምንድነው? ከጀልባው የወረደው ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ፎቶ ይነሳል።

ማንጠግቦሽ፡ እሱማ የቤቱ ልብ ነው። የታላቅ እህቴ ወይን ነበር። ቤሩት ለሥራ ሄዳ በዚያው ቀረች፣ ነፍሷን ይማረው። ከሰዓት በኋላ ሳስጎበኛችሁ ታሪኩን አወራችኋለሁ፤ መሐረብ ግን ይያዙ። ባለፈው ሳምንት የመጡ ባልና ሚስት እንዴት አለቀሱ መሰለዎት! ባልየው ምሳውን ሳይበላ ነው የሄደው። ወይን ጠጃችንንም «የእህት እንባ» ያልነው ለእሷ ብለን ነው።

ዘርትሁን፡ ቀምሼዋለሁ። አዳማ ሆቴል ቤት ነው የምሠራው፤ ወጥ ቤት ነኝ።

ማንጠግቦሽ፡ ውይ ደስ ሲል! እንዴት አገኙት?

ዘርትሁን፡ መራራ ነው።

ማንጠግቦሽ፡ እ... የዚያ ዓመቱ ፍሬ ዝናብ በዝቶበት ይሆናል። በሉ መታወቂያው ይቆይ፣ ስምዎን ልጻፍ።

ዘርትሁን፡ ጻፊ። ዘርትሁን ዳምጤ።

ማንጠግቦሽ፡ ዘር... ይቅርታ እመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም።

ዘርትሁን፡ አዲስ ነገር አደረግሽው እንዴ? በየጠርሙሱ ጀርባ ስሜን ሺህ ጊዜ አሳትመሽ፣ አንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ከበደሽ?

ማንጠግቦሽ፡ ባርኔጣዎን... ባርኔጣዎን ያውልቁት።

ዘርትሁን፡ ይኸው። መነጽሩም ይኸው። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂዋለሽ። በአባባ መቅዘፊያ የፈነከትሽኝ ነው፤ ስድስት ዓመትሽ ነበር። «ድንጋይ ላይ ወድቃ ነው» ብለሽ ነገርሽው። ያኔም አፍሽ ይፈጥን ነበር።

ማንጠግቦሽ፡ እታለም...

ዘርትሁን፡ ባንኮኒውን ያዢ፣ እንዳትወድቂ።

ማንጠግቦሽ፡ እታለም! ጌታዬ ሆይ! ተመስገን! ኧረ ነይ ልቀፍሽ!

ዘርትሁን፡ እንዳትነኪኝ! ከነካሽኝ ይህን የደረደርሽውን ጠርሙስ በእንግዶችሽ ፊት አንድ በአንድ ነው የምፈጠፍጠው።

ማንጠግቦሽ፡ ቀስ በይ፣ በረንዳው ላይ ሰው አለ። ሞተች ብለውኝ ነው እኮ! ከቤሩት የተመለሰች ልጅ ነች የነገረችኝ፤ ከፎቅ ወደቀች አለችኝ። ምን ላድርግ? አምኜ አለቀስኩ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ማቅ ለበስኩ!

ዘርትሁን፡ የልጅቷ ስም ማነው?

ማንጠግቦሽ፡ ስሟን... ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት አስታውሰዋለሁ?

ዘርትሁን፡ ይሄንን ወረቀትስ ማን ጻፈው? ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አንብቢው።

ማንጠግቦሽ፡ የንባብ መነጽሬን አልያዝኩም።

ዘርትሁን፡ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ውድ እህቴ ዘርትሁን፤ እናታችን በጥር 1994 አረፈች። ጥላኝ ሄደች እያለች በአንቺ እንዳዘነች ነው የሞተችው። ቤቱንም ሐይቁ ወሰደው። እንግዲህ የምትመጪበት ነገር የለም፤ እዚያው ኑሮሽን ኑሪ።» ይሄ ሲደርሰኝ ቤሩት አሠሪዬ ቤት ድግስ ነበር። ሰላጣ እየከተፍኩ ነው ለእናቴ ያለቀስኩት። ቁጭ ብዬ እንዳለቅስ እንኳ ፋታ አላገኘሁም።

ማንጠግቦሽ፡ እታለም፣ ያን ጊዜ እኔ...

ዘርትሁን፡ ቆይ፣ አልጨረስኩም። የዛሬ ዓመት አንድ አስተናጋጅ ባዶ ጠርሙስ አምጥቶ ማድቤት አስቀመጠ። ዋንዛ ደሴት የሚል አየሁና አነሳሁት። ጀርባውን አነበብኩት። «በሰው አገር ለቀረችው እህቴ ለዘርትሁን መታሰቢያ» ይላል። ከሥሩስ? «እናታችንም ልጇን በሐይቁ ዳር ስትጠብቅ ኖራ በ2000 ዓ.ም. አረፈች።» በ2000! እናቴን ለእኔ በ94 ገደልሻት፤ ለጠጪዎችሽ ደግሞ በ2000። እንዲህ ያለ ውሸት የሚዋሽ ሰው ቢያንስ ዓመተ ምሕረቱን ይተዋል!

ማንጠግቦሽ፡ ያንን የጻፈው ማስታወቂያ ሠሪው ነው። ታሪኩን ንገሪኝ አለ፣ ነገርኩት። እኔ ምን አውቃለሁ ቀን እንደሚጽፍ!

ዘርትሁን፡ እሱን እግዜር ይባርከው። እኔ አገሬ የገባሁት በ97 ነው ማንጤ። ከ97 እስከ 2000 አዳማ ነበርኩ። የሦስት ሰዓት መንገድ! እናቴ እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ስታይ፣ እኔ እዚያ ሽንኩርት እልጣለሁ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሟን ከሙታን ጋር አስጠራለሁ። በሕይወት ያለች እናቴን! ይሄ እንዴት እንደሚያንገበግብ ታውቂያለሽ?

ማንጠግቦሽ፡ መምጣትሽን አላወቅሁም። እግዜር ያውቃል፣ አላወቅሁም።

ዘርትሁን፡ ብታውቂ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊ ነበር።

ማንጠግቦሽ፡ አሁን ምን ፈለግሽ? ልታዋርጂኝ ነው? ዘበኛ ነው የምጠራው!

ዘርትሁን፡ ጥሪው። «የሞተችው እህቴ መጥታ አስቸገረችኝ፣ አስወጣልኝ» በይው። ካሜራ የያዙትንም ጨምረሽ ጥሪያቸው፤ ከጉቶው የተሻለ ፎቶ ያገኛሉ።

ማንጠግቦሽ፡ እሺ! ጻፍኩ! እኔ ነኝ የጻፍኩት! ምን ይጠበስ? አንቺ ስትሄጂ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የቀረው ማነው? አባባን የቀበርኩ እኔ፣ መረብ የጠገንኩ እኔ፣ ወይን የገረዝኩ እኔ። እማዬ ስትታመም በጀርባዬ አዝዬ ጀልባ ላይ ያወጣኋት እኔ! እሷ ግን ቀን ከሌት «ዘርትሁን ብትኖር» ነው ወሬዋ። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ጎረቤት ጠርታ ታስነብባለች፤ ያበሰልኩት ወጥ ይበርዳል። ገና ስንወለድ ለይታናለች እኮ! ላንቺ የብር አምባር ቀበረችልሽ፣ ለእኔ ሰማያዊ ጨሌ። ጨሌ!

ዘርትሁን፡ እኔ ስወለድ አባባ ሁለት መረብ ነበረው፤ አንቺ ስትወለጂ አንድም አልነበረውም። ከአንገቷ ፈታ ነው የቀበረችልሽ። ሌላ ጌጥ አልነበራትም።

ማንጠግቦሽ፡ ሲያወሩት ቀላል ነው።

ዘርትሁን፡ ማስታመምሽን አልክድሽም። ለእሱ ብቻ ጉልበትሽን ስሜ በሄድኩ ነበር።

ማንጠግቦሽ፡ እንግዲያው ይሄንንም ስሚ። እናት ያገኘሁት ወይንሽ ሲቆረጥ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ የእኔን ወይን ውሃ ታጠጣልኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት፣ ከሐይቁ በእንስራ እየቀዳች፣ በዚያ በታመመ ወገቧ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎለችም! ግንዱን ትዳብሰዋለች፣ ታወራዋለች። እኔን አንድም ቀን እንዲያ ዳብሳኝ አታውቅም፤ ወይኔን ግን ዳበሰችው። ከዚያ ወርዳ አሸዋው ላይ ትቀመጣለች፤ ኋላ ላይ አእምሮዋ ትንሽ ሳት ብሎ ነበር።

ዘርትሁን፡ ዣንጥላ የተከልሽበት፣ ያ ወፍራም ሰውዬ የተጋደመበት ቦታ ነው የምትቀመጠው?

ማንጠግቦሽ፡ እሱ ነው። ጥላው ደግ ነው። አየሽ እታለም፣ ቤቱን ውሰጂ፣ ስድቡንም አውርጂብኝ። ያ ውሃ ግን የእኔ ነው። ያንን አትወስጂብኝም!

ዘርትሁን፡ እሱን ልወስድብሽ ነው የመጣሁት።

ማንጠግቦሽ፡ ምን አልሽ?

ዘርትሁን፡ በመስኮቱ ወደ ውጭ እዪ።

ማንጠግቦሽ፡ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጋሽ ሹምዬ ምን ሆነው ነው ዶማ የያዙት? ለቀማው ገና ነው፤ ምርቃቱም ከምሳ በኋላ ነው ብዬ ቅርጫቱን እንኳ አላወጣሁም። ኧረ... ኧረ ከወይኔ ሥር እየቆፈሩ ነው!

ዘርትሁን፡ እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ደብዳቤሽንና ጠርሙስሽን ይዤ አምና በድብቅ ጋሽ ሹምዬ ቤት ሄድኩ። «ከለቀማ ቀን በቀር ወይን አይቆፈርም» አሉኝ። ይኸው ዓመት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

ማንጠግቦሽ፡ ይቆፍሩት! ምን ሊያገኙ? የሚያገኙት ጨሌዬን ነው። ያንቺ አምባር ከጉቶው ሥር ነው ያለው፤ ከፈለግሽ እኔው በእጄ አወጣልሻለሁ። እታለም፣ ስሚኝ እስቲ። ሐይቁን የሚያየውን ትልቁን ክፍል ያዢው፤ መመዝገብም አያሻሽም፣ ዝም ብለሽ ኑሪ። ሽማግሌ እንለምንና አዲስ ወይን እናስተክልልሽ።

ዘርትሁን፡ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ? ጡጦስ ገዝተሽልኛል?

ማንጠግቦሽ፡ አትቀልጂብኝ።

ዘርትሁን፡ ማንጤ፣ ያስቆረጥሽው የትኛውን ወይን ነው?

ማንጠግቦሽ፡ ያንቺን ነዋ!

ዘርትሁን፡ የእኔ መሆኑን በምን አወቅሽ?

ማንጠግቦሽ፡ እማዬ ዕድሜ ልኳን ስትለው የኖረች አይደለም? «ከበሩ ስትወጡ በስተቀኝ የዘርትሁን፣ በስተግራ የማንጠግቦሽ።» ከበሩ ወጣሁ፣ በስተቀኜ ያለውን አሳየኋቸው፣ ቆረጡት። ይሄ ምን ጥያቄ አለው?

ዘርትሁን፡ ከየትኛው በር ነው የወጣሽው?

ማንጠግቦሽ፡ ከየትኛው ማለት ምን ማለት ነው? የድሮው ቤት ያለው አንድ በር! ይኸው በኮረብታው በኩል ያለው፣ አንቺም አሁን የገባሽበት።

ዘርትሁን፡ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንቺ ሁለት ዓመትሽ ሳለ ሐይቁ ሞላ። ውሃው ደጃፋችን ድረስ መጣ። አባባ በሐይቁ በኩል የነበረውን በር አስደፈነና በኮረብታው በኩል አዲስ አስወጣ። ወይኖቹ የተተከሉት ከዚያ በፊት ነው፤ አንዱ በዚህ ጎን፣ አንዱ በዚያ ጎን። ወደ ሐይቁ ስትወጪ ቀኝሽ የነበረው፣ ወደ ኮረብታው ስትወጪ ግራሽ ነው። እማዬ የድሮውን በር ነበር የምታወራው። ሁልጊዜም የድሮውን።

ማንጠግቦሽ፡ ውሸት ነው። በሐይቁ በኩል በር ኖሮ አያውቅም።

ዘርትሁን፡ ከኋላሽ ጠርሙስ የደረደርሽበት ምንድነው?

ማንጠግቦሽ፡ መደርደሪያ ነዋ! ግድግዳው ውስጥ የገባ መደርደሪያ።

ዘርትሁን፡ ማን አባቱ ነው ግድግዳ ቦርቡሮ መደርደሪያ የሚሠራ? ጠርሙሶቹን አንሻቸውና እዪው፤ መቃኑ አሁንም እንዳለ ነው። በሩን የደፈኑት ግንበኛ ጋሽ ሹምዬ ናቸው። አንቺ ወይኑን ስታስቆርጪ እሳቸው ሻሸመኔ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ፤ እድልሽ ሆኖ።

ማንጠግቦሽ፡ ውሸት ነው! የሚወጣው ጨሌ ነው፣ ሰማያዊ ጨሌ! ቆይ... ቆይ፣ ጋሽ ሹምዬ አንድ ነገር አነሱ። አፈሩን በጋቢያቸው እየጠረጉት ነው።

ዘርትሁን፡ ምን ዓይነት ነው?

ማንጠግቦሽ፡ አይታየኝም።

ዘርትሁን፡ ታይቶሻል።

ማንጠግቦሽ፡ ክብ ነው... ያበራል። እታለም፣ አምባር ነው።

ዘርትሁን፡ እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት በነጭ ድንጋይ ከብበሽ ስታስጎበኚ የኖርሽው የራስሽን ጉቶ ነው። ያ ምሳውን ሳይበላ የሄደው ሰውዬ ያለቀሰው ለአንቺ ነው።

ማንጠግቦሽ፡ እማዬ አጠገቤ ቆማ ነበር እኮ! ሲቆርጡት አጠገቤ ነበረች! አንድ ቃል አልተነፈሰችም! ታውቅ... ታውቅ ነበር?

ዘርትሁን፡ በእጇ የቀበረችውን አታውቅም?

ማንጠግቦሽ፡ ታዲያ ለምን ዝም አለች?

ዘርትሁን፡ ሳይቆረጥ ብትናገር የእኔ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ በኋላ «የተሳሳተ ወይን ነው» ብትል በደሴቱ ደንብ አንቺ ሟች ትሆኛለሽ፤ ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ። አንዷን ልጇን አጥታ ሁለተኛዋን አሳልፋ ትስጥ? ዋጥ አደረገችው። የእኔ ወይን ግን ቆሟል። ወይኑ የቆመ ሰው አልሞተም፤ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? አእምሮዋ አልሳተም ማንጤ። አሸዋው ላይ የምትቀመጠው እኔን ስትጠብቅ ነው።

ማንጠግቦሽ፡ ውሃውስ? በዚያ ወገቧ ስድስት ዓመት ያጠጣችው...

ዘርትሁን፡ የማንን ወይን ነበር?

ማንጠግቦሽ፡ አትበዪ! እሱን ብቻ አትበዪኝ፣ እታለም!

ዘርትሁን፡ እሺ፣ አልልም። አንቺው ደርሰሽበታል።

ማንጠግቦሽ፡ እየመጡ ነው። አምባሩን ይዘው እየመጡ ነው። እታለም፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ! እኔ ከዚህ ሌላ የት አውቃለሁ? ከዚህ ደሴት ወጥቼ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። አንድ ቃል ብቻ በያቸው፤ «እናቴ ጌጡን አቀያይራ ነው የቀበረችው» በያቸው። አንቺ ካልሽ ያምናሉ። እማዬ እንኳ ዝም ብላልኛለች! በእሷ ሞት፣ አንቺም ዝም በዪልኝ!

ዘርትሁን፡ ይገርምሻል፣ ጀልባው ላይ ሳለሁ አስቤው ነበር። አሸዋውን ሳየው ሆዴ ባባ። «ገና እንዳየችኝ ‹እማዬን በደልኳት› ካለች፣ አምባሩን ሐይቅ ውስጥ እጥለዋለሁ» አልኩ። ከገባሁ ጀምሮ ስለ ጨሌው ነገርሽኝ፣ ስለ ወጡ ነገርሽኝ፣ ስለ ትልቁ ክፍል ነገርሽኝ። ያቺን አንድ ቃል ግን አልሰማሁም።

ማንጠግቦሽ፡ በደልኳት! ይኸው፣ እማዬን በደልኳት! ይበቃሻል?

ዘርትሁን፡ አሁን የምትዪው ለጋሽ ሹምዬ ዶማ ነው። እማዬ ዝም ያለችልሽ እናትሽ ስለሆነች ነው። እኔ እናትሽ አይደለሁም። በይ ከባንኮኒው ኋላ ውጪና በዚህ በኩል ቁሚ፤ ያንን መዝገብም ወዲህ በዪው።

ማንጠግቦሽ፡ ምን ልታደርጊ ነው?

ዘርትሁን፡ ወይን የሌለው ሰው ሳይመዘገብ አያድርም። መታወቂያሽን አምጪ።